ውኃ የማይጨመርበት ዱባ፦ በኦቨን የሚጋገር የጾም ምግብ

ዱባ በአብዛኛው ቤት የሚታወቀው በወጥነቱ ሲሆን፣ ወጡም ቁሌቱ ላይ ውኃ ተጨምሮ ዱባው እስኪለሰልስ ይንተከተካል። እዚህ የሚቀርበው አሠራር ግን ጠብታ ውኃ አይፈልግም፤ የዱባው ጣፋጭነት ጎልቶ የሚወጣው በውስጡ ያለው እርጥበት በደረቅ ሙቀት ሲቀንስ ነውና።

ሥራው ከጉሊት ይጀምራል። በአዲስ አበባው አራት ኪሎ ሰፈር ዱባ በቁራጭም ስለሚሸጥ፣ ሥጋው ወፍራምና ደማቅ ብርቱካንማ መሆኑን አይቶ መግዛት ይቻላል። ሙሉውን የሚገዛ ሰው ደግሞ ልጣጩን በጥፍሩ ይሞክረው፤ ጥፍር የሚገባለት ዱባ ገና ለጋ ስለሆነ ለመጋገር ውኃው ይበዛል። «እትዬ፣ የጎመራውን ይምረጡልኝ» ማለትም ያዋጣል።

ለ4 ሰው 1 ኪሎ ተኩል ዱባ፣ 2 ካሮት፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ይበቃል። ቲማቲም ውኃ ስለሚያበዛ እኔ አልጨምርም።

የጎመራ ዱባ ቢላዋ ስለሚያንሸራትት መጀመሪያ ከነልጣጩ ተከፍሎ፣ ጠፍጣፋው ጎኑ መክተፊያው ላይ ተደላድሎ ይላጣል፤ ከዚያም በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ካሮቱ ከዱባ ይልቅ ስለሚዘገይ ይሳሳል፣ ሽንኩርቱ ግን እንዳያር በአራት ብቻ ይከፈላል። ሁሉም በንጹሕ ጨርቅ ከደረቀ በኋላ በዘይት፣ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በጥብስ ቅጠሉ ይታሻል።

ኦቨኑ አስቀድሞ 200 ዲግሪ መድረስ አለበት። አትክልቱ ትሪው ላይ ሳይደራረብ፣ በመካከሉ ክፍተት እየተተወለት ይዘረጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የተቆለለ ዱባ በገዛ እንፋሎቱ ይቀቀልና ዳርና ዳሩ ሳይጠበስ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ትሪው ከጠበበ በሁለት ዙር መጋገር ይሻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት ውኃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሚቀቀል አትክልት የሚዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው። የኦቨን 200 ዲግሪ ግን እዚህም ያው 200 ነው።

ከ25 ደቂቃ በኋላ አትክልቱ ይገላበጣል። ቀደም ብሎ ከገባ አርሮ የሚመረውን የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ በዘይት ከታሸ የትናንት ዳቦ ፍርፋሪና ከጥቂት ጦስኝ ጋር የመጨረሻው 10 ደቂቃ ሲቀር መነስነስ ነው። በጠቅላላው 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ቢላዋ ያለ ትግል ሲገባና የዱባው ጠርዝ ቡናማ ሲሆን ደርሷል። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ በሩን አለመክፈት ነው፤ ታፍኖ የቀረው ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ማብሰሉን ይቀጥላል።

ለእንጀራም ለሩዝም ይሆናል። የዱባው ፍሬ ግን አይጣል፤ ታጥቦ፣ ደርቆና ጨው ተነስንሶበት፣ ሙቀቱ ወደ 160 ዲግሪ ዝቅ በተደረገ ኦቨን ለ15 ደቂቃ ያህል ከቆየ ጥሩ የቡና ቁርስ ይወጣዋል።