አርማና ማሸጊያ ሲያሠሩ የደንበኛው ድርሻ

በርበሬና ሽሮ አሽጎ የሚሸጥ አነስተኛ የቤተሰብ ድርጅት አለን። እስካሁን ሁለት ጊዜ አርማና ማሸጊያ ያሠራን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ የታተመው የማሸጊያ ፕላስቲክ ጥቅልል መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ቀርቷል፤ በሁለተኛው ግን ዛሬም እየሸጥንበት እንገኛለን። ለመጀመሪያው መበላሸት ጥፋቱን ሁሉ በዲዛይን ድርጅቱ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር፤ ሆኖም የቴሌግራም መልእክቶቻችንን ተመልሼ ሳነብ ግማሹ ጥፋት የእኛ የደንበኞቹ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ጥሩ ዲዛይን እንዲሠራልን ከእኛ ስለሚጠበቀው ነው።

ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ አብዛኞቻችን ይዘን የምንሄደው ችግራችንን ሳይሆን ራሳችን ያሰብነውን መፍትሔ ነው። እኛም «ቀይ ይሁን፣ የበርበሬ ዛላም ይሳልበት» አልን፤ የተባለውንም ሠሩልን። ፓኬቱ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ሰፈራችን ካለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ግን በግራም በቀኝም ያሉት ፓኬቶች ሁሉ ቀይ ሆነው የበርበሬ ዛላ የተሳለባቸው ስለነበሩ፣ የራሳችንን ለመለየት እኔ እንኳ ቆሜ በዓይኔ መፈለግ ነበረብኝ። በሁለተኛው ጊዜ ስለ ቀለም አንዲት ቃል ሳንናገር የገጠመንን ብቻ ጻፍን፦ ገዢ ሱቅ ገብቶ «በርበሬ ስጠኝ» ሲል የባለሱቁ እጅ የሚሄደው ቅርቡ ወዳለው ፓኬት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ገዢው ስማችንን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ ስማችንን ቢረሳ እንኳ «ያኛውን» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው መልክ እንዲኖረን ነው። ከዚህ ተነሥተው ባለሙያዎቹ ያመጡት እንደ ሰፌድ ቢጫ ያለ መደብ በእኛ አእምሮ ፈጽሞ የሚመጣ አልነበረም።

በሙያው «ብሪፍ» የሚባለው ይህ ጽሑፍ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ምን እንደሚሸጡ፣ ማን እንደሚገዛዎት፣ ዕቃው የት ቦታ እንደሚታይ፣ ከማን ጋር እንደሚፎካከር፣ ፈጽሞ እንዳይነካ የሚፈልጉት ነገር ምን እንደሆነና ሥራው መቼ እንዲደርስ እንደሚሹ ይግለጹበት። ከምንሸጠው በርበሬ ቀላል የማይባለው ወደ ዋሽንግተንና ወደ ዱባይ በሚሄዱ መንገደኞች ሻንጣ የሚጫን በመሆኑ፣ ፓኬቱ የማይፈነዳና ሽታ የማያሳልፍ እንዲሆን መጻፋችን የማሸጊያውን ቅርጽ ጭምር ቀይሮታል። በጀትዎንም አይደብቁ። መርካቶ ገብቶ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው «መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ» ማለት የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ድርጅቱ ለአንድ አርማ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ይዘው እንደመጡ ካላወቀ፣ ከታፔላ እስከ መኪና ስቲከር ያለውን ሁሉ አስቦ ያቀርብልዎትና ሁለታችሁም ሁለት ሳምንት ታጣላችሁ።

ድርጅቱን ሲመርጡ በኮምፒውተር የሚያሳዩዎትን ሥራ ብቻ አይመልከቱ። ታትሞ ገበያ ላይ የዋለ ፓኬት፣ ቆሞ ዝናብና ፀሐይ የመታው ታፔላ አሳዩኝ ይበሉ፤ ከቀድሞ ደንበኞቻቸውም ሁለቱን ደውለው ያነጋግሩ። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን መምረጥ ለሲሚንቶ ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን ያታልላል፤ ምክንያቱም አንዱ «ሎጎ» ብሎ የጻፈው አንድ ሥዕል ሲሆን ሌላው በዚያው ቃል የቀለም መለያውን፣ የፊደል ምርጫውንና የአጠቃቀም መመሪያውን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ዋጋው 15 በመቶውን ቫት ይጨምር አይጨምር እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

ውሉ ላይ ስንት የመነሻ ሐሳብ እንደሚቀርብልዎት፣ ስንት ጊዜ እርማት ማዘዝ እንደሚችሉ፣ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚፈጸም ይስፈር። ለእነርሱ የጊዜ ገደብ እንደተቀመጠ ሁሉ ለእርስዎም መልስ የሚሰጡበት ገደብ ይቀመጥ፤ እኔ በሠራሁባቸው ጊዜያት ሥራው የዘገየው ከእነርሱ ይልቅ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ፎቶግራፍ፣ የኮምፒውተር ፊደል (ፎንት) መጠቀሚያ ፈቃድ፣ ትርጉምና ኅትመት ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባታቸውም በግልጽ ይጻፍ። የባለቤትነት ጉዳይ ደግሞ በቃል የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመጠቀም መብት፣ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነውና፣ የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ በተመረጠው አርማና ማሸጊያ ላይ ያለው መብት ሙሉ በሙሉ ወደ እርስዎ እንደሚተላለፍ የሚናገር አንቀጽ ያስገቡ።

ስሙ ላይ ልብዎን ከመጣልዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ንግድ ፈቃድ ሲያወጡ ያስመዘገቡት የንግድ ስም የንግድ ምልክት ጥበቃ አያስገኝልዎትም። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃው ለ7 ዓመት የሚቆይና የሚታደስ ነው። ስለዚህ የመነሻ ሐሳብ እንዲሠራ ከማዘዝዎ በፊት ተመሳሳይ ምልክት መኖር አለመኖሩን ያስፈትሹ። ዕቃውን ራሱን የሚገልጽ ቃል፣ ለምሳሌ «ጥሩ በርበሬ» የሚል፣ ለአንድ ነጋዴ ብቻ ሊሰጥ እንደማይችልም ይወቁ። ይህ ክርክር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳየን የራሳችን ቡና ነው፤ ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት በሐረርና በሲዳሞ ላይ ከዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ የገጠማት «እነዚህ ስሞች የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል» በሚል ነበር። ስለ ስሞቹ ከአሜሪካው ትልቅ የቡና ድርጅት ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው በሰኔ 1999 ዓ.ም ነው።

የስሙ አጻጻፍም አንድ ይሁን። «ፀሐይ» የሚለውን በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ሀ» መጻፍ ለአንባቢ ለውጥ የለውም፤ ንግድ ፈቃዱ ላይ አንዱ፣ አርማው ላይ ሌላው፣ የባንክ ሒሳቡ ላይ ሦስተኛው ሲሆን ግን ቼክ ይዘው ባንክ በሄዱ ቁጥር ማብራሪያ መስጠት ይኖርብዎታል። ለዲዛይን ድርጅቱ ስሙን በስልክ አይንገሩ፤ የንግድ ፈቃዱን ቅጂ ይስጡት።

ብዙ ደንበኞች የላቲኑ አርማ አልቆ ከጸደቀ በኋላ «አማርኛውን ከሥሩ ጨምሩበት» ይላሉ። ይህ የማይሠራው ፊደላችን የራሱ ጠባይ ስላለው ነው። ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ የለውም፤ ድምፅን ከድምፅ የሚለየውም ብዙ ጊዜ አንዲት ቅንጣት ናት። «ቡ» ጭረቱን ከወገቡ፣ «ቢ» ከእግሩ ያወጣል፤ «ቤ» ደግሞ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ላቲኑ በሚነበብበት መጠን አማርኛው ላይነበብ ስለሚችል ሁለቱ ጽሑፎች ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ጎን ለጎን ይሠሩ። ከዚያም አርማውን በሚጠቀሙበት ትንሹ መጠን፣ ለምሳሌ በቢዝነስ ካርድና በክብ ማኅተም ውስጥ፣ በአንድ ቀለም ብቻ አሳትመው ይመልከቱት። ጽሑፎችዎ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ በአንድ ዓይነት በሚነበበው የፊደል አሠራር፣ እንዲጻፉም ያሳስቡ፤ ዛሬም አንዳንድ ማተሚያ ቤት የዱሮ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፊደሎችን ስለሚጠቀም፣ በእነርሱ የተጻፈው ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ስልክ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

አስተያየት አሰጣጥ ላይ ትልቁ እንቅፋታችን ይሉኝታ ነው። የቀረበልንን ሥራ ሳንወደው «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይታይ» እንላለን፤ እኛ ይህን ስንል አልወደድነውም ማለታችን ሲሆን ባለሙያው የሚሰማው ግን ጸድቋል የሚል ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐቁን ስንናገር እርሱም ይናደዳል፣ እኛም ለተጨማሪ እርማት እንከፍላለን። በሌላ በኩል «አላማረኝም» ብሎ ማቆምም አይረዳውም። «ስሙ ከሦስት ሜትር ርቀት አይነበብም»፣ «ሽሮውና በርበሬው ከሩቅ አንድ ይመስላሉ» ቢሉት ምን ማረም እንዳለበት ያውቃል፤ እንዴት እንደሚያርመው ለእርሱ ይተዉለት።

ውሳኔ የሚሰጥ አንድ ሰው ይሰየም። በእኛ ቤት መጀመሪያ ላይ እኔ በጽሑፍ፣ ወንድሜ በስልክ፣ አጎታችን ደግሞ በአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት የየራሳችንን ትእዛዝ እናስተላልፍ ነበር፤ ምስኪኗ ዲዛይነር ሦስታችንንም ለማስደሰት የሠራችው ማናችንንም ያላስደሰተ ነገር ሆነ። በሁለተኛው ሥራ ቤተሰቡ አስተያየቱን ለእኔ ብቻ ይሰጣል፣ እኔ እርስ በርሱ የሚጋጨውን አጣርቼ በአንድ ወረቀት እልካለሁ። አጎታችን ቅር አላቸው፤ ቡና ላይ ተለምነው ተስማሙ። ዘመድ ጓደኛ መጠየቅ ካማረዎትም «ያምራል?» አይበሉ፤ ናሙናውን ለአፍታ አሳይተው ከደበቁ በኋላ «ምን የሚሸጥ ነው? ስሙስ ማን ይባላል?» ብለው ይጠይቁ።

ወደ ኅትመት ከመሄድዎ በፊት የሚፈርሙበት ናሙና ላይ አይቸኩሉ፤ የእኛ ጥቅልል መጋዘን የቀረው እዚህ ላይ ነው። ናሙናው በቴሌግራም ፎቶ መጣልኝ፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ አየሁትና «ይቀጥል» ብዬ ጻፍኩ። ፕላስቲኩ ላይ ሲታተም ቀለሙ ተስፋፍቶ የ«ሬ»ን ቀለበት ደፈነውና በትንሹ ፓኬት ላይ «በርበሪ» ተብሎ የሚነበብ ሆነ። ድርጅቱ ያቺን አንዲት ቃል አሳየኝ፤ ወጪው የእኛ ሆነ። ስልክና ኮምፒውተር ቀለምን የሚያሳዩት በብርሃን ሲሆን ማተሚያው የሚሠራው በአራት ቀለማት ቅይጥ በመሆኑ፣ በስክሪን ያማረው ቀይ ፕላስቲክ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለሆነም ናሙናው በእውነተኛው ማሸጊያ ላይ በእውነተኛው መጠን ታትሞ ይምጣልዎት፤ ጽሑፉን ሥራውን አይቶ የማያውቅ ሰው ፊደል በፊደል ያንብበው፤ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን የሚታተምበት ቦታም ይኑር፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይገለጽ።

ርክክቡ የሚፈጸመው በፋይል ነው። በፎቶ መልክ የተላከ አርማ ለፌስቡክ ገጽ ይበቃል፤ ታፔላ ሲሠራ ግን ጠርዙ ይሸራረፋል። የሚያስፈልግዎት ቢያሳድጉት የማይበላሸው የቬክተር ፋይል ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ከጀርባው የመደብ ቀለም የሌለው የፒኤንጂ ቅጂ፣ የቀለሞቹ መለያ ቁጥር፣ ጥቅም ላይ የዋሉት ፊደሎችና ፈቃዳቸው ይሰጥዎት። በቴሌግራም የሚላክልዎት ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳልና። እኔ ሁለተኛውን ሥራ የተረከብኩት በፍላሽ ነበር፤ ፍላሹን ከድርጅቱ ቢሮ ሳልወጣ ወደምናሳትምበት ማተሚያ ቤት በልጅ ላክሁትና ፋይሎቹ እዚያ መከፈታቸውን በስልክ ካረጋገጥኩ በኋላ የቀረውን ክፍያ ቼክ ጻፍኩ።