ባህርዳር አልጋ ለምትፈልጉ

ጎጃም ለመዞር ላሰባችሁ፣ አልጋ ኦንላይን ዋጋውን ስላያችሁ ብቻ ቶሎ ብላችሁ እንዳትከፍሉ። ስልኩን ፈልጉና ቀጥታ ሪሴፕሽን ደውሉ፣ "ሦስት ሌሊት ነው የማድረው፣ ስንት ታደርጉልኛላችሁ?" በሏቸው፣ ለዌብሳይቱ የሚከፍሉት ኮሚሽን ስለሚቀርላቸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ።

ደግሞ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ገብቶበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አንዴ 1,000 ብር ብለውኝ ደስ ብሎኝ አድሬ ጠዋት ሂሳብ ስጠይቅ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ፣ እሱ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ተደምሮ 1,265 ሆኖ ቁጭ! ምን ትላለህ፣ ከፍለህ መውጣት ነው።

መናኸሪያ ስትወርዱ "ጥሩ አልጋ ላሳይህ" እያለ ሻንጣ የሚቀበላችሁ ልጅ የሱ ኮሚሽን ከናንተ ኪስ ነው የሚወጣው (ልጁን አልፈርድበትም፣ እንጀራው ነው)። ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ ከነሻንጣው ካፌ ማኪያቶ ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው ዞር ዞር ብሎ ፔንሲዮኖቹን ይይ፣ ክፍሉን ሳታዩ ሻወሩንም ከፍታችሁ ሙቅ ውሃው መምጣቱን ሳታረጋግጡ ብር እንዳታወጡ።

ጥር ላይ ግን ይሄ ሁሉ አይሰራም። ለጥምቀት ባህርዳር፣ ጥር 23 ደግሞ ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ከሆነ የምትሄዱት ቀደም ብላችሁ ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ የላካችሁበትን ሜሴጅ አታጥፉት። እንጅባራ ከሞላ ዳንግላ አድሮ ጠዋት በሚኒባስ መግባት ይቻላል።