«ማሪን አለኝ» ለምትሉኝ መለዋወጫ አስመጪዎች

ባለፈው ሳምንት ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣሁ ባለቤቱን «የሸጥከው የፍሬን ሸራ እምቢ ብሎ ሰው ቢሞት ማን ይከፍላል?» አልኩት። «ማሪን አለኝ» አለኝ፣ ዘና ብሎ። ይህን መልስ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ።

ማሪን የዕቃ ጉዞ ኢንሹራንስ ነው፤ ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ሻጭ በባንክ በኩል የምትከፍሉበትን ሰነድ፣ ስትከፍቱ ባንኩ የሚጠይቃችሁ። ዕቃው በጉዞ ላይ ባሕር ውስጥ ቢሰምጥ፣ ቢሰረቅ፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ቢወድቅ ይክሳል። ተሽጦ፣ ተገጥሞ፣ ሰው ሲጎዳ ግን ማሪን የለበትም። የመኪናው ሦስተኛ ወገንም አያድናችሁም። እንዲያውም ያ ኢንሹራንስ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ጥፋቱ ከእናንተ ዕቃ ነው ብሎ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ የምርት ኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው፤ ቢሮ ውስጥ «ፕሮዳክት ላያቢሊቲ» የምንለው።

«እኔ አምራች አይደለሁም» ትላላችሁ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ ያቀረበን ሰው ነው ኃላፊ የሚያደርገው፤ እውነት ነው። ግን ተጎጂው ቻይና፣ ጓንዡ ድረስ ሄዶ አይከስም። በራሳችሁ ስም ካርቶን ካሳተማችሁ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከቻይና ጎማ የሚያስመጣ ፎሪን ታየር ሴልስ የሚባል የኒው ጀርዚ ትንሽ ድርጅት፣ የአሜሪካ መንግሥት እስከ 450 ሺህ ጎማ ሰብስብ አለው። ፋብሪካው ጉድለት የለም አለ፣ አስመጪው አቅም የለኝም አለ። መንግሥት የያዘው አስመጪውን ነበር። በነገራችን ላይ ዕቃ ከገበያ መሰብሰብና የተበላሸውን መተካት መደበኛው ፖሊሲ ውስጥ የለም።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። ሽምግልና።

አንድ ደንበኛዬ የሸጠው ሸራ የተገጠመለት አይሱዙ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ገደለ። ሰውዬው ደግ ነው። ልቅሶ ደረሰ፣ ሽማግሌ ላከ፣ በሳምንቱ የሟች ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ በደብተር ወረቀት ላይ «ጥፋቱ ከዕቃዬ መሆኑን አምኜ ካሳ ለመክፈል ተስማምቻለሁ» ብሎ ፈረመ። አራት ምስክር፣ ከሥር የአውራ ጣት አሻራ ሳይቀር። ለእኔ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው! ፖሊሲው ላይ ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ጥፋት ማመን፣ ቃል መግባት፣ መክፈል ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አለ። መርማሪው ሲሄድ ጋራዡ ሸራውን ጥሎታል። ጥፋቱ የገጠመው መካኒክ ይሁን፣ ከልክ በላይ የተጫነው ጭነት ይሁን፣ አሁን ማን ያውቃል? ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። እኔም ብሆን አልከፍልም ነበር። ሰውዬው የቤት መኪናውን ሸጦ ከፈለ።

ልቅሶ አትድረሱ አላልኩም። ድረሱ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፣ እግዜር ያጥናችሁ በሉ። ግን መጀመሪያ ደውሉልን፣ በጽሑፍም አሳውቁ፣ የተነቀለው ዕቃ እንዳይጣል አስደርጉ። ሽምግልናው ላይ የኢንሹራንሱ ሰው አብሮ ይቀመጥ። እንደዚያ አድርገን በረካው ሳይቀርብ ተስማምተን የወጣንበት ቤት አለ።

ያለ ደረሰኝ የምትሸጡ፣ ዕቃው የእናንተ አለመሆኑን በምን ታስረዳላችሁ? ጎረቤታችሁም ያንኑ ካርቶን ይሸጣል። የየትኛው ጭነት ዕቃ ለማን እንደሄደ የሚያሳይ አንድ መዝገብ ይኑራችሁ።

የካሳ ጣሪያውን ስታዩ «በአንድ አደጋ» እና «በዓመት» የሚሉትን ለዩ። ኮንቴይነር ሙሉ ሸራ ከተበላሸ አደጋው አንድ ብቻ አይሆንም።

የመጨረሻው የእኔም ጥፋት ነው። ሥራ ስጀምር የአንድ ደንበኛ ፎርም ላይ «የመኪና መለዋወጫ» ብዬ ሞላሁና አለፍኩ። የመሪ ዕቃ ላይ ጥያቄ ሲመጣ ኢንሹራንሱ «ማርማታና መብራት መስሎን ነበር፣ የምትከፍሉት አረቦንም በዚያ ነው የተሰላው» አለን። ለስድስት ወር ተሟገትን። ያገኘነው ግማሹን ነው። ከዚያ ወዲህ ፍሬን፣ መሪ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ አንድ በአንድ ነው የምጽፈው።

የሶማሌ ተራው ወዳጄም በመጨረሻ ፎርሙን አምጣ አለኝ። የምትሸጠውን ዘርዝርልኝ አልኩት።

«አቦ ዝም ብለህ መለዋወጫ በል» አለኝ።

ፎርሙን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።