መለኪያው ነው ወይስ አየሩ?

ከምሳ በኋላ ቢሮው በሙሉ ያዛጋል። ራስ ይከብዳል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ግን አረንጓዴ አብርቶ 760 ይላል። ማንን እንመን? ከአከራዩ ጋር ከመጨቃጨቃችሁ በፊት መለኪያውን ይዛችሁ ደጅ ውጡና ሩብ ሰዓት ጠብቁ።

ደጅም ላይ 320 ካለ፦
የውጭ አየር ዛሬ 420 ፒፒኤም ገደማ ነው (ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 420ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ነው)። ስለዚህ የተሳሳተው መለኪያው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን) የሚሠራ ሴንሰር ደግሞ የሚቆጥረው ፊቱ ያለፈውን ጋዝ ነውና አየሩ ሲሳሳ አሳንሶ ያነባል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከፍታውን ሙሉ። ይህ ምርጫ ከሌለው 420ን ለ320 አካፍሉ፣ 1.3 ገደማ ይመጣል። ንባቡን በዚያ አባዙት። 760 የነበረው 1,000 ሆነ አይደል? ማዛጋቱ የምሳው ብቻ አልነበረም።

ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየወረደ ከመጣ፦
ብዙዎቹ መለኪያዎች ራሳቸውን ያስተካክላሉ። በሳምንቱ ያዩትን ዝቅተኛ ቁጥር «ይሄ ንጹሕ አየር ነው» ብለው 400 ያደርጉታል። ሌሊትም ሰው የማይጠፋበት፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ከሆነ ግን ዝቅተኛው 600 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 200 ተሰረቃችሁ ማለት ነው። አውቶማቲኩን አጥፉና ደጅ አውጥታችሁ ራሳችሁ ካሊብሬት አድርጉ (ከውጭው አየር ጋር አስተካክሉት)።

ቡና ሲቆላ 3,000 ከገባ፦
ርካሽ ገዝታችኋል ማለት ነው (እኔም ገዝቻለሁ)። እንዲህ ያለው ሽታና ጭስ አይቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚገምት ነው። ሳኒታይዘር የነካ ጥጥ አስጠጉለት፤ ቁጥሩ ከዘለለ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ በኢንፍራሬድ የሚሠራ ግዙ።

አንዱ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ከፍ ካለ፦
ሰው እየተነፈሰበት ነው። የምናስወጣው ትንፋሽ 40,000 ፒፒኤም ገደማ ነው። ከፊትም ከመስኮትም አርቁት።

ሁለት መለኪያ ጎን ለጎን 950 እና 1,030 ካሉ፦
ምንም አልተበላሸም። ደህና የሚባለው መለኪያ እንኳ 50 ፒፒኤም ሲደመር የንባቡን 5 በመቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። 1,000 ላይ ሲሆን 100 ማለት ነው። በ80 ልዩነት ስብሰባ አትጥሩ። አንዱን ምረጡና ቦታውን ሳትቀይሩ ሳምንት ሙሉ መዝግቡ፤ መስኮት የተከፈተበትን ሰዓትም አብራችሁ ጻፉ።