የላስቲክ አጠማዘዝና የከፍታ አወሳሰን ለአዳራሽ ውስጥ ሞዴል አውሮፕላን

በአዳራሽ ውስጥ በነፃ በሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ውድድር፣ ኤፍ1ዲ በሚባለው ምድብ፣ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ550 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ አውሮፕላኑ ያለ ላስቲክ (ተጠምዝዞ ሲፈታ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ነው) ከ1.4 ግራም እንዳያንስ፣ ላስቲኩም ከነቅባቱ ከ0.4 ግራም እንዳይበልጥ ደንቡ ያዛል። ከዚህች ጥቂት ላስቲክ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚያበሩ ተወዳዳሪዎች አሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የአጠማዘዝ ልምድ ሊያዝ ይገባል።

ላስቲኩ በስሱ ቅባት ከተቀባ በኋላ መጠምዘዝ ያለበት አውሮፕላኑ ላይ ሳይሆን የመጠምዘዝ ኃይሉን በሚለካ መሣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። እኔ ቸኩዬ አውሮፕላኑ ላይ እንዳለ የጠመዘዝኩት ላስቲክ ተበጥሶ የብዙ ሳምንት ሥራዬን በቅጽበት ሰባብሮታል። ላስቲኩን ከተፈጥሮ ርዝመቱ አምስት እጥፍ ያህል ስበው የዙሩን ግማሽ እዚያው ያስገቡ፤ ቀሪውን ደግሞ ቀስ እያሉ ወደ መሣሪያው በመጠጋት ይጨርሱ። ኃይሉን የሚያሳየው የመሣሪያው መርፌ መጀመሪያ በዝግታ ይወጣል፤ ወደ መጨረሻው ግን በጥቂት ዙር ሽቅብ ይፈናጠራል፤ በዚህ ጊዜ እጅዎን ያዘግዩ።

ሙሉ ኃይል የያዘ ላስቲክ አውሮፕላኑን ጣሪያው ብረት ላይ ሊሰቅለው ስለሚችል፣ ከመልቀቅዎ በፊት ጥቂት ዙሮችን መልሰው ይፍቱ። ስንት ዙር እንደሚፈታ ለማወቅ የሩብ ላስቲክ ሙከራን የሚያህል ዘዴ አላገኘሁም፦ 0.1 ግራም ላስቲክ ከ0.3 ግራም ቀጭን እንጨት ጋር ተያይዞ ሲሰቀል ክብደቱና ሚዛኑ ሳይለወጥ አውሮፕላኑ ወደ ሩብ ከፍታ ብቻ ይወጣል፤ የቆየበትን ጊዜ በአራት ማባዛት የሙሉውን በረራ ግምት ይሰጣል። ለእያንዳንዱ በረራ የገባውን ዙር፣ ሲለቀቅ የነበረውን ኃይል፣ የደረሰበትን ከፍታና ሲያርፍ የተረፈውን ዙር ይመዝግቡ። ብዙ ዙር ተርፎ ካረፈ ላስቲኩ ለአውሮፕላኑ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነው፤ ገና አየር ላይ እያለ ዙሩ ካለቀ ግን ከሚገባው በላይ ወፍራም ነው።

በውድድር ስድስት በረራ ተፈቅዶ የሁለቱ ምርጥ ድምር ስለሚቆጠር፣ የመጀመሪያውን በረራ በጥንቃቄ፣ ቀጣዮቹን በድፍረት ማድረግ ይቻላል። በሮቹ ከተዘጉና የአየር ማናፈሻው ከቆመ በኋላ ፕሮፔለሩን ይልቀቁት፤ አውሮፕላኑን ግን አይወርውሩት፤ በራሱ ፍጥነት ከጣትዎ እስኪወጣ ድረስ በቀስታ ይከተሉት።