ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ በሚወጣ ሌንስ የጤፍ ፍሬን በስልክ ማንሳት

አንድ ፍሬ ጤፍ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስልካችሁን አስጠግታችሁ ብታነሷት ብዥ ያለች ነጥብ ናት የምታገኙት፤ የስልክ ካሜራ በጣም የቀረበውን ነገር አጥርቶ አያይም። ፊቱ ላይ ሌላ ትንሽ ሌንስ ከለጠፋችሁለት ግን ያያል። ሌንሷ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ አለች። እቤት ከሌለ ምናለሽ ተራ ወይም ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ጠይቁ።

ሌንሷን ማውጣት። ማጫወቻውን ከሶኬት ንቀሉና ቆየት አድርጉት። ከተነቀለም በኋላ የኃይል ክፍሉ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል እሱን አትንኩት። ክዳኑን በካቻቢቴ ፍቱ። ዲስኩ ከሚቀመጥበት ሥር ወዲያ ወዲህ የምትንሸራተት ክፍል አለች። መሀሏ ላይ እንደ ጤዛ የምታብረቀርቀው፣ ሌንሷ እሷ ናት። የትኛው ጎኗ ወደ ዲስኩ እንደሚያይ ልብ በሉ። ከዚያ ዙሪያዋን በስለት ቀስ ብላችሁ አላቁና ጠርዟን በወረንጦ ይዛችሁ አውጧት። አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነች ቶሎ ትጫራለች። የተከፈተውን ማጫወቻ ደግሞ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት፤ የሌዘሩ ጨረር ዓይን ይጎዳል።

መለጠፍ። ዲስኩን ያይ የነበረው ጎኗ አሁን ጤፉን ይይ። ይበልጥ የጎበጠው ጎን ወደ ስልኩ ይዞራል። ወፍራም ጥቁር ወረቀት ላይ ከሌንሷ ትንሽ የጠበበ ቀዳዳ ብሱ፣ ሌንሷን በጠርዟ በፕላስተር ያዙ፣ ወረቀቱን ዋናው ካሜራ ላይ ለጥፉ። ሱፐር ግሉ ይቅርባችሁ፣ ትነቱ ሌንሷን ያደበዝዛታል።

ርቀቱ። ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ጤፏ ጥርት ብላ የምትታየው ከሌንሷ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስትርቅ ብቻ ነው። በእጅ ይዞ ማንሳት አይታሰብም። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት የመጻሕፍት ክምሮች አዘጋጁና ስልኩን በላያቸው አጋድሙት፤ ካሜራው መሀል ላይ ቁልቁል ይይ። ከሥሩ የሃይላንድ ክዳን ገልብጣችሁ በሆነ ነገር ከፍ አድርጉ። ጤፍ በትንፋሽ ትበራለች፤ ስለዚህ ክዳኑ ላይ ሙጫው ወደ ላይ የሆነ ፕላስተር ለጥፉና ፍሬዋን እሱ ላይ አስቀምጡ። ለነጭ ጤፍ ከፕላስተሩ ሥር ጥቁር ወረቀት፣ ለቀይ ጤፍ ነጭ ወረቀት ያምራል።

አሁን ከክዳኑ ሥር የፕሪንተር ወረቀት መደርደር ጀምሩ። የአንዱ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ አሥር አሥር፣ ስክሪኑ ላይ ጥላ መታየት ሲጀምር አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ውድ ማስተካከያ አለ፤ እኔ ግን ወረቀቱ ይሻለኛል።

ብርሃን። ፍላሹን አጥፉት፤ በዚያ ጠባብ ክፍተት አይረዳም። ባትሪ በጎን በኩል አብሩና ፊቱን በሶፍት ሸፍኑት፣ ብርሃኑ ይለሰልሳል። በተቃራኒው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሙ።

ማንሳት። ስክሪኑን ተጭናችሁ በመቆየት ፎከሱን ቆልፉ። ዙሪያው ላይ ጥቁር ክብ ከታየ ትንሽ ዙም አድርጉ። ሲጫኑት ስልኩ ስለሚነቃነቅ በታይመር አንሱ። በአንድ ፎቶ ጥርት የሚለው የፍሬዋ ስስ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት በጨመራችሁ ቁጥር አንድ አንድ ፎቶ አንሱ፤ እንደ ኢንፊውዝ ያለ ነፃ ፕሮግራም ከየፎቶው ጥርት ያለውን ወስዶ አንድ ያደርጋቸዋል። በዚያው አቀማመጥ ማስመሪያም አንሱ፣ ስንት ጊዜ እንዳጎላችሁ ከሚሊ ሜትሮቹ ታውቃላችሁ።

ጨውና የቢራቢሮ ክንፍም በዚሁ ሌንስ ይነሳሉ። ለንብ ወይም ለአደይ አበባ ግን በጣም ታጎላለች። ለእነሱ 10 እጥፍ የሚያጎላ የሰዓት ሠሪ መነጽር ለጥፉ፤ እሱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቀት ስለሚሰጥ ለብርሃንም ይመቻል።