ቤዙ ከሶፋችሁ እንዳያልፍ፦ ለተጠጋጋ ቤት የሰብዉፈር ምርጫና አቀማመጥ

ጎንደር ውስጥ በኮንዶሚኒየምም ሆነ ማራኪና አዘዞ አካባቢ ግድግዳ ተጋርተው በተሠሩ ቤቶች ጎረቤትን እንቅልፍ የሚነሳው የፊልሙ ንግግር አይደለም፤ ቤዙ ነው፣ ማለትም ሰብዉፈር የሚባለው ስፒከር የሚያወጣው ወፍራም ድምፅ። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲነካ አብዛኛው ይመለሳል፣ ቤዝ ግን ግድግዳውን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል። የሚገታው ክብደት ነው። የፋሲል ግንብ ወፍራም የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ይገታዋል፤ የኛ ብሎኬት ግን ሆዱ ባዶ ነው። የግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚቀነሰው በግምት 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ስለሆነ፣ ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ለቤዝ ገንዘብ መጣል ነው። የሚያዋጣው ቤዙን ወደ ራስ አቅርቦ ድምፁን መቀነስ ነው።

ከ12 እስከ 16 ካሬ ለሆነ ሳሎን 8 ወይም 10 ኢንች ሰብዉፈር፣ ከ100 እስከ 150 ዋት አር.ኤም.ኤስ. (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) ይበቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. እርሱት፤ ለማሻሻጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። ዙሪያው የተዘጋ ሳጥን ምረጡ። የአየር ቀዳዳ ያለው ዝቅተኛውን ድምፅ አብዝቶ ያወጣል፣ ግድግዳ የሚሻገረውም በተለይ ያ ነው። ቀዳዳ ያለው ገዝታችሁ ከሆነ ጥንድ ካልሲ ጠቅልላችሁ ቀዳዳው አፍ ላይ ወትፉ፤ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ጫፉ ውጭ ይቅር።

ጥግ ላይ አታስቀምጡ። ጥግ ቤዙን ያጎላዋል፣ ነገር ግን የሚያጎላው ለጎረቤትም ነው። ከጋራ ግድግዳ አርቃችሁ ከሶፋው ጀርባ ወይም ጎን፣ ከጆሯችሁ 1 ሜትር ባልራቀ ቦታ አድርጉት። ክሮስኦቨሩ (ከየትኛው ድምፅ በታች ያለው ወደ ሰብዉፈሩ እንደሚሄድ የሚወስነው ቁልፍ) ከ80 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) አይለፍ፤ 120 ላይ ካደረጋችሁት የተዋናዩ ድምፅ ከጀርባችሁ የሚመጣ ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ግድግዳዎቹ ዳር ያጎላዋል፣ መሀል ላይ ያጠፋዋል። ሶፋው መሀል ከሆነ ባለቤቱ «ቤዝ የለውም» ብሎ ይጨምራል፤ ግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ግን ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ቮልዩም ከመንካታችሁ በፊት ሶፋውን ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር አንቀሳቅሱ። ቀጥሎ የፌዝ ማብሪያውን (የሰብዉፈሩን ድምፅ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር የሚያገጣጥመውን) 0 እና 180 ላይ እያደረጋችሁ ስሙ፣ ቤዙ ሞላ ያለበትን ያዙ።

ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ወለሉም ያስተላልፋል። አንድ ሰው ሰብዉፈሩን ከወለል አንሥቶ ይያዝላችሁና ታች ቤት ሆናችሁ አዳምጡ። ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ መንገዱ ወለሉ ነው፤ ካልቀነሰ በአየር ነውና የሚከተለው አይረዳችሁም። ለወለሉ የባጃጅ ካላማዳሪ ይበቃል፣ ከጎሚስታ ያገለገለ ግን የማያፈስ ውሰዱ። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ቺፑድ ላዩ ላይ አድርጉና ሰብዉፈሩን አስቀምጡ። አየሩ ጣውላውን ከወለል 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር የሚያነሣ ብቻ ይሁን። በጣት ስትጫኑት ቀስ ብሎ መወዛወዝ አለበት፤ ድርቅ ካለ ተነፍቶ አልፏል፣ ከወለሉ አይለይም። የጣውላው ጠርዝ ወለል ወይም ሶፋ ከነካ፣ ገመዱም ከተወጠረ ሥራው ከንቱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አየሩን ፈትሹ።

የመጨረሻው ልኬት የሚካሄደው በጎረቤት ቤት ነው። ቀን ላይ ሂዱና «እትዬ፣ የቤዙን ድምፅ ልለካ ነው፤ አምስት ደቂቃ መኝታ ቤትዎ ልቁም?» በሉ። የሚከለክል ጎረቤት እምብዛም የለም፣ ከዚያ በኋላም ሲረበሹ በር ማንኳኳት አይከብዳቸውም። ቤት የቀረው ሰው ስልኩን ከአምፕሊፋየሩ አገናኝቶ የ30፣ 40፣ 50፣ 63 እና 80 ሄርዝ ድምፅ፣ እያንዳንዱን ለግማሽ ደቂቃ ያጫውት። እናንተ ትራስ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስሙ፣ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ፣ የቡፌው መስታወትና የመስኮቱ ብረት የሚንጫጩበትን ቁጥር ጻፉ። አምፕሊፋየሩ ኢኳላይዘር (አንዱን የድምፅ ክልል ለብቻው የሚቀንስ ወይም የሚጨምር) ካለው ያንን ቁጥር ብቻ ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንሱ፤ ከሌለው የሰብዉፈሩን ቮልዩም ዝቅ አድርጉ። የስልክ የድምፅ መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቤዝን በደንብ በሚቆጥረው «ሲ» አለካክ ላይ አድርጉት። «ኤ» 40 ሄርዝን ወደ 35 ዴሲቤል ስለሚቀንሰው፣ ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ ጸጥታ ነው ይላችኋል።

ማታ ሌላ ወጥመድ አለ። ድምፅ ሲቀነስ ጆሮ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ቤዙን ነው፤ ስለዚህ እጅ ሳይታወቅ ወደ ቤዝ ቁልፍ ይሄዳል። ናይት ሞድ ካለ አብሩት፣ ፍንዳታውን ዝቅ አድርጎ ንግግሩን ያወጣዋል። የሰብዉፈሩ ቮልዩም ላይ በማርከር ሁለት ምልክት አድርጉ፦ አንዱ ጎረቤት ቤት ሆናችሁ የለካችሁት፣ ሌላው ከሱ 6 ዴሲቤል ዝቅ ያለው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚሆነው።